ያልተገለጠው እጥፍ

ባሌ ዘመድኩን መጽሐፍ ይሰበስባል። ያነባል አላልኩም። ሲያትል አጠገብ ሾርላይን ያለው ቤታችን ገብቶ በመስታወት የተዘጋውን ቁም ሣጥን ያየ እንግዳ ሁሉ «መቼም የአንባቢ ቤት ያስታውቃል» ስለሚለኝ ነው ነገሩን ከወዲሁ የማጠራው። አብሬው በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ ያየሁት የዕቃ ማጠቢያ ማሽናችንን መመሪያ ብቻ ነው፤ እሱንም ማሽኑ ወጥ ቤቱን በውኃ ሲያጥለቀልቀው።

የሚሰበስበው የመጀመሪያ እትም ነው። ስማቸው የታወቀ የድሮ የአማርኛ ልብ ወለዶች፣ ያውም ከማተሚያ ቤት በወጡበት ልባስ። የኛ ሰው መጽሐፍ ሲወድ ጠራዥ ዘንድ ወስዶ በጠንካራ ልባስ ያስጠርዘዋል፤ ጠራዡም የወረቀቱን ሽፋን ገንጥሎ ይጥላል፣ ጠርዙን በመቁረጫ ያስተካክላል። ባሌ እንዲህ የተደረገ መጽሐፍ ሲያጋጥመው ዘመድ እንደሞተበት ያዝናል። ሁለተኛ እትም ሲያመጡለት ደግሞ የከረመ ወጥ እንደቀረበለት ሰው ፊቱን ያዞራል። ታሪኩ እኮ ያው ነው ስለው «ታሪኩን ምን አደርገዋለሁ?» ይለኛል። ቀልዱን አይደለም።

መጀመሪያ ላይ ደህና ጠባይ መስሎኝ ነበር። የሌላው ባል ይጠጣል፣ ካርታ ይጫወታል፣ የኔ ወረቀት ይሰበስባል ብዬ እጽናና ነበር። እያደር ግን አስጠላኝ። የሲያትል ዝናብ የሰውን ልብስ ያሻግታል፤ የኛ መኝታ ቤት ግድግዳ አረንጓዴ አብቅሎ እርጥበት የሚመጠው ማሽን ግን ሌት ተቀን የሚያጓራው መጻሕፍቱ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ስስል ሻይ ጠጪ ይለኛል። መጻሕፍቱ ሻጋታ ሲሸቱ ሐኪም ሊጠራላቸው ይደርሳል።

ደግሞ ያጥባቸዋል። ሰው መጽሐፍ ሲገዛ ስሙን ይጽፍበታል፣ የሰረቀውንም ይረግምበታል፣ ልጅ ሲወለድለትም ቀኑንና የክርስትና ስሙን ባዶው ገጽ ላይ ያሰፍራል። ባሌ ይህን ሁሉ በጥጥና በበረኪና ያጠፋዋል። አንድ ቀን የአንዲት ልጅን የልደት ቀን እያሸ ሲያደበዝዝ ደረስኩበት። ልጅቷ የማን እንደሆነች፣ ትኑር ትሙት አናውቅም። «ቆሻሻ እኮ ነው» አለኝ፣ ጥጡን እየጨመቀ። ራቴን ሳልበላ ተኛሁ።

ከሁሉ የሚቀፈው ግን ለቅሶ ቤት ነው። ሰው ሞተ ሲባል እኔ ነጠላዬን ሳላነሳ እሱ መኪና ውስጥ ነው። ሌላው ለቀስተኛ ፊቱን ወደ ሐዘንተኛው አድርጎ ሲቀመጥ እሱ ወደ መደርደሪያው ዞሮ ይቀመጣል። እጁን ግንባሩ ላይ ጭኖ፣ ያዘነ መስሎ፣ በጣቶቹ መሀል የመጻሕፍቱን ጀርባ ያያል። ባልቴቲቱን «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ይላትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሟች መጻሕፍት ምን እንደታሰበላቸው ይጠይቃታል። በሱዳን በኩል ከመጣ አንድ ምስኪን ልጅ እጅ ደግሞ ያን ሁሉ በረሃ ተሸክሞ ያመጣትን መጽሐፍ በአሮጌ ካፖርት ለውጦ ወስዷል። ካፖርቱ ዚፑ የማይሠራ ነበር። በዚያ ክረምት ልጁን ካፒቶል ሂል ሠፈር አውቶቡስ ሲጠብቅ፣ ካፖርቱን በሁለት እጁ ሰብስቦ ይዞ አየሁት፤ በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድኩ።

አሁን የምነግራችሁ በፈረንጆቹ ሰማንያ ሰባት ዓመት የሆነውን ነው።

ካፒቶል ሂል አንድ ሆቴል ውስጥ አብራኝ አልጋ የምታነጥፍ እናኑ የምትባል ጓደኛ አለችኝ። አባቷ ጋሼ ዓምደ ሚካኤል ደራሲ ናቸው። ደራሲ ስል ዝም ብሎ ደራሲ አይደለም፤ እኛ በትምህርት ቤት መጽሐፋቸውን እያነበብን ነው ያደግነው። ከሲያትል ወዲያ ፌደራል ዌይ የሚባል ከተማ በልጃቸው አፓርታማ ይኖራሉ። ዓይናቸውን ስኳር ወስዶታል። በቀደመው ዓመት ደግሞ ስትሮክ መታቸውና ከትዝታቸው ግማሹን ይዞት ሄደ። ማክሰኞ ማክሰኞ የእናኑ ፈረቃ ስለሆነ እኔ ሄጄ አብሬያቸው እቀመጣለሁ።

መጽሐፋቸው የሺመቤት ስለምትባል የገባር ልጅ ነው። ጌታዋ ያንገላታታል፣ አንድ ሌሊት ታመልጣለች፣ እስከ ወንዝ ትደርሳለች። እኛ ባነበብነው እትም ከወንዙ ዳር ትመለስና የጌታዋ ጉልበት ላይ ወድቃ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ እሱም ይምራታል። አስተማሪያችን «ከዚህ ምን እንማራለን?» ሲሉን እጄን አውጥቼ «ትዕግሥት» ብዬ መልሼ ነበር። ተጨብጭቦልኛል።

«እኔ አይደለሁም የመለስኳት» አሉኝ ጋሼ አንድ ማክሰኞ። «አስመለሱኝ። የመጀመሪያው እትም ከማተሚያ ቤት በወጣ በሳምንቱ ተለቀመ። ሳንሱሩ ጠርቶ መጨረሻውን ካልቀየርክ መጽሐፉም የለም፣ አንተም የለህም አለኝ። ቀየርኩት።»

«የመጀመሪያው ላይ ምን ሆና ነበር?» አልኳቸው።

«ወንዙ ውስጥ አስገብቻት ነበር። እስከዚያ አስታውሳለሁ። ተሻግራ ይሁን፣ ውኃው ወስዷት ይሁን ግን ጠፋብኝ። በሽታው ወሰደብኝ።» እጃቸውን ብርድ ልብሱ ላይ እያሹ ቆዩ። «ልጄ፣ የሌላው ይጥፋ፣ ግድ የለኝም። እሷን ግን ተንበርክካ ትቻት መሞት አልፈልግም። አንድ ሰው ያንን መጨረሻ ቢያነብልኝ፣ ምን እንዳደረግኳት ባውቅ፣ ሌላ የምለምነው የለኝም።»

ማክሰኞ በመጣ ቁጥር ይህንኑ ይጠይቁኝ ጀመር። መጽሐፉን ያየ ሰው ታውቂያለሽ? ቤተ መጻሕፍት ጠይቀሽልኛል? ምን ልበላቸው።

በዚያው ጸደይ ባሌ ከሠፈራችን ያርድ ሴል፣ ፈረንጅ አሮጌ ዕቃውን ግቢው ላይ ከሚሸጥበት፣ እየሮጠ ገባ። ሰው ሲሮጥ የምናየው ከሌባ ወይም ከእሳት ነው። አንዲት አገራችን የነበረች ሚሲዮናዊት ሞታ ልጆቿ ዕቃዋን ግቢው ላይ ዘርግተውት ኖሮ፣ ከተሰበሩ ስኒዎችና ከገና ጌጥ መሀል የጋሼን መጽሐፍ አግኝቷል። የመጀመሪያው እትም። የተለቀመው።

«እግዚአብሔር ነው የሰጠን» አልኩ። «ዛሬውኑ ጋሼ ዘንድ እንውሰደው።»

እንዳበደች ሴት አየኝ። ከዚያ እያሳየ አስረዳኝ። የዚያን ዘመን መጽሐፍ ትልልቁ አንሶላ እንደታጠፈ ይሰፋና አንባቢው ራሱ እጥፉን በቢላ እየቀደደ ይገልጠዋል። ሚሲዮናዊቷ አማርኛ ልትማርበት እስከ መጨረሻው ምዕራፍ ድረስ ቀድዳ ሰልችቷት ትታዋለች። የመጨረሻው እጥፍ እንደተዘጋ ነው። ከውጭ ያሉት ገጾች ይነበባሉ፤ ውስጥ ያሉት ግን ማንም አላያቸውም።

ከውጭ ያለውን እኔ አነበብኩት። የሺመቤት ውኃው ውስጥ ገብታለች። ጌታዋ ከዳር ሆኖ ስሟን ይጠራል። ገጹ እዚያ ላይ ያልቅና እጥፉ ይጀምራል። ከእጥፉ ወዲያ ያለው ገጽ ላይ የታረሙ የፊደል ስህተቶች ብቻ ተዘርዝረዋል። ጋሼ የሚፈልጉት ሁሉ እጥፉ ውስጥ ነው ማለት ነው።

«አንድ ቢላ እኮ ነው የሚፈልገው» አልኩት።

«ይሄ እጥፍ አንካት ነው ፋንታዬ፣ ያልተቀደደ። አንካት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቢላ ከነካው አለቀ፣ ኦርዲነሪ መጽሐፍ ይሆናል።»

«እሺ ሳትቀድደው በቀዳዳው አጮልቀን እናንብብላቸው።»

«እጥፉ ይለጠጣል» አለና ቁም ሣጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ከሥራ መታወቂያው ጋር አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። ሲታጠብ እንኳ አያወልቀውም።

ለጋሼ እስከ ወንዙ ድረስ ያለውን ነገርኳቸው። ካልጠፋ ነገር ምን አፈጠነኝ። ከወንበራቸው ተነሡ፤ ያለ ሰው ድጋፍ ሲነሡ በዚያ ዓመት የመጀመሪያቸው ነው። «እሺ፣ ከዚያስ?» አሉኝ። ከዚያማ ባሌ አለ።

እናኑ ስትሰማ አላለቀሰችም፤ ሽማግሌ ላከች። በኛ ዘንድ ሰው እምቢ ሲል የሚደረገው ይኸው ነው፤ ሚስት የሚጠየቀውም፣ የተጣላ የሚታረቀውም በሽማግሌ ነው። ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አቶ ገብረሕይወት ከኦርቶዶክሱ ቤተ ክርስቲያን፣ አቶ ገመዳ ከወንጌላውያኑ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ስለ ጾም ሳይጨቃጨቁ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም፤ ለዚህ ጉዳይ ግን በአንድ መኪና መጡ። ቅዳሜ ነበር፣ ወጥ ሠርቼ አቅርቤያለሁ። እንደ ደንቡ ቆመው ቀሩ። እሺ እስኪባሉ አይቀመጡም፣ እህልም አይቀምሱም።

«ልጅ ዘመድኩን» አሉ አቶ ገመዳ፣ «ሴት ልጅ ልጠይቅ ስንት ቤት ቆሜአለሁ። ወረቀት ይቀደድልን ብዬ ስቆም ግን የመጀመሪያዬ ነው። እንዳታሳፍረን።»

«አባቶቼ፣ እናንተን አከብራለሁ። ግን ሶ፣ ነገሩ አልገባችሁም» አለ ባሌ፣ እጁን አጣምሮ። «እኔ የምጠብቀው ለታሪክ ነው። ለትውልድ።»

«የጻፈው ሰውዬ እኮ በሕይወት አለ» አሉ አቶ ገብረሕይወት። «ከማን ነው የምትጠብቅለት?»

ወጡ ቀዘቀዘ፣ እንጀራው ጠርዙ ደረቀ። አቶ ገመዳ ጉልበታቸው ያማቸዋል፤ አንዴ በአንዱ አንዴ በሌላው እግራቸው እየቆሙ ስለ አባትነት፣ ስለ ምርቃት፣ ስለ ሞት ተናገሩ። ባሌ ስለ ወረቀት ተናገረ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ የዚህን ሰው ሸሚዝ ስንት ጊዜ እንደተኮስኩ አስብ ነበር።

ድንገት ባሌ ማሰብ ጀመረ። ሲያስብ ከንፈሩን በጣቱ ይጎትታል። «ይፈርሙልኛል?» አለ።

«ምን?»

«ጋሼ ዓምደ ሚካኤል። መጽሐፉ ላይ ከፈረሙልኝ ኦኬ ነው፣ እኔው ራሴ እቀድደዋለሁ። የተፈረመ ሌላ ኮፒ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ደግሞ በዚህ ጤናቸው ብዙም የሚፈርሙ አይመስለኝም።»

ሽማግሌዎቹ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አልሰሙም፣ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። መርቀውት ተቀመጡ። የደረቀውን እንጀራ በደስታ በሉ። እኔ ግን ሰምቼዋለሁ፤ የሰውዬው ሞት ዋጋው ውስጥ ገብቶለታል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ወደ ፌደራል ዌይ ወረድን። አይ-ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ባሌ መጽሐፉ እንዳይናወጥበት እንደ ሙሽራ አጃቢ ሲያዘግም ስንት መኪና ጥሩምባ ነፋብን። እናኑ ቤቱን ወልውላ፣ ምግብ ደርድራ፣ ለአባቷ ነጭ ሸሚዝ አልብሳ ጠበቀችን። ጋሼ ፂማቸውን ተላጭተዋል። ጉንጫቸው ላይ ምላጭ የነካው ቦታ አለ።

ባሌ ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ ምግቡ ከጠረጴዛው ይነሣ አለ፤ ቅባት ይኖረዋል። አልበላም አለ፤ እጁ ይቆሽሻል። ከዚያ ማሞቂያው ይጥፋ አለ፤ ደረቅ አየር ወረቀት ያኮማትራል። እናኑ ወደ እኔ አየች። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ሽማግሌ በዚያ ቅዝቃዜ። «አጥፊለት፣ ይቅደድልኝ ብቻ» አሉ ጋሼ፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

ነጭ የጥጥ ጓንት አጠለቀ። ብዕሩን አውጥቶ «ቅድሚያ ይፈርሙልኝ» አለ።

«ከሰማሁ በኋላ» አሉ ጋሼ። ከዚህ ንቅንቅ አላሉም።

ከአጥንት የተሠራ ቢላውን ከሳጥኑ አወጣ። የተዘጋውን እጥፍ ጀርባ ሦስቴ አሸተተ። ቀስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ መቅደድ ሲጀምር ወረቀቱ ደረቅ ድምፅ አሰማ፤ ጋሼ ድምፁን ሲሰሙ አንገታቸውን እንደ ወፍ አቀኑ። ከእጥፉ ነጭ ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ረገፈ። ጨርሶ ገለጠውና ወደ እኔ ገፋው፤ አንባቢዋ እኔ ነበርኩ። «በጣትሽ አትንኪው» አለኝ።

ከውጭ ያለውን ገጽ እስከ መጨረሻው አነበብኩ። የሺመቤት ውኃው ወገቧ ደረሰ፤ ጌታዋ ከዳር ሆኖ ስሟን ጠራት። ገጹን ባሌ ገለበጠልኝ።

ነጭ ነው። ቀጥሎ ያለውም ነጭ ነው። ማተሚያ ቤቱ አንሶላውን በአንድ ፊቱ አትሞ፣ ሌላውን ፊት ሳያትም አጥፎ ሰፍቶታል። ከውጭ የሚታየው ሁሉ ፊደል ነበረው። እጥፉ ውስጥ የነበረውን ግን ቀለም ነክቶት አያውቅም። ያ ሁሉ ቁልፍ፣ ያ ሁሉ ሽማግሌ የቆመው ለባዶ ወረቀት ነው።

ባሌን አየሁት። ፈገግ ብሏል። እንደዚያ ያለ ፈገግታ በሠርጋችን ቀን እንኳ ፊቱ ላይ አላየሁም። ስህተቱ ምን እንደሆነ ከኔ ቀድሞ ገብቶታል፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ኮፒ አንድ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ጋሼ የማያዩትን ዓይናቸውን ወደ እኔ አድርገው «ከዚያስ?» አሉኝ።

አፌን ከፈትኩ። «የሺመቤት ነጠላዋን ፈትታ ራሷ ላይ ጠመጠመች» አልኩ፣ ነጩን ወረቀት እያየሁ። «ጌታዋ እየደጋገመ ይጠራታል፤ እሷ ግን ስሟን ረስታው ነበር። ውኃው ደረቷ ደረሰ። በእግሯ ስትዳብስ ድንጋይ አገኘች። ድንጋዩ ላይ ቆማ አረፈች። ከዚያም ሁለተኛ ድንጋይ አገኘች።» የጋሼ ከንፈር ከኔ ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ፊታቸው ቀስ እያለ ይፈታል። እናኑ ከኋላዬ ቆማ በትከሻዬ ላይ ወረቀቱን አየች፤ እጇን ጀርባዬ ላይ አደረገች።

«ፋንታዬ፣ ስቶፕ» አለ ባሌ።

አላቆምኩም።

«ጋሼ፣ ባዶ ነው። ከራሷ ነው የምታወራው። እዚህ ገጽ ላይ ምንም የለም፣ ሚስፕሪንት ነው። ነገ ሰው ገጹ ታትሟል፣ ተነቧል ብሎ ካወራ ይሄ ኮፒ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?» ብዕሩን ከፍቶ ወደ ሽማግሌው እጅ አስጠጋ። «ሶ፣ እዚህ ነጩ ላይ ይፈርሙልኝና፣ ከሥሩ ‹ይህ ገጽ ባዶ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ› ብለው ይጻፉልኝ። አንድ መስመር ናት።»

በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን የሚጠይቀው ዓይነ ስውርን ነው። እፍረት ብጠብቅ፣ መደናገጥ ብጠብቅ፣ ፊቱ ላይ አንዱም የለም፤ ምራቅ ብቻ ነው የሚገባው። ወንዙም፣ ድንጋዩም፣ የሺመቤትም ከአፌ ላይ ጠፉ።

ጋሼ ብዕሩን አልተቀበሉም። አንገታቸውን ደረታቸው ላይ ደፉ። በሽታው የተመለሰባቸው መስሎኝ ልደግፋቸው ስል ነው የተናገሩት።

«አውቄአለሁ» አሉ። «‹ስሟን ረስታው ነበር› ካለችኝ ጀምሮ አውቄአለሁ። እኔ እንዲህ አልጽፍም ነበር፤ ያኔ አይመጣልኝም።» ከዚያ ድምፁ ወደ መጣበት ወደ ባሌ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ መጽሐፍህን ያዝና ደጅ ቆየን። እኛ አያስፈልገንም። ልጅቷ ውኃ ውስጥ ናት።»

«ፊርማውስ ጋሼ? ቃል ገብተናል እኮ።»

እናኑ ሄዳ በሩን ከፈተችለት። ያን ያህል ሰፊ አድርጋ በር ስትከፍት አይቻት አላውቅም። ባሌ መጽሐፉን በጨርቅ ጠቀለለ፣ ጨርቁን በላስቲክ ጠቀለለ፣ ታቅፎት ወጣ። ቢላውን እንኳ አልረሳም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ በጣቱ ጥፍር ሲያንኳኳ፣ ስሜን ሲጠራ፣ ፊርማ ፊርማ ሲል እንሰማዋለን። ጋሼ ከብርድ ልብሱ ሥር እጃቸውን አውጥተው እጄን ፈለጉ። ጣቶቻቸው በረዶ ሆነዋል።

«ሦስተኛውን ድንጋይስ?» አሉኝ።

«አገኘችው» አልኳቸው።